ጌሙን ፈጥሮ ድርጅቱን ያጣው ሰው፦ የጋሪ ጋይጋክስ ታሪክ

ስልካችሁ ላይ ጌም ስትጫወቱ ሌቭል ጨምራችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጠላት ገድላችሁ ኤክስፒ ሰብስባችሁ፣ ደም አልቆባችሁ ሞታችሁ? ይሄን ነገር ዓለም የለመደው ከኮምፒውተር በፊት ነው፤ በወረቀት፣ በእርሳስና በዳይስ። ስትሬንጀር ቲንግስን ያያችሁ ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው የሚጫወቱትን ጌም ታስታውሳላችሁ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል።

ዛሬ የምናወራችሁ ጌሙን ከፈጠሩት ሁለት ሰዎች ስለ አንዱ፣ ስለ አሜሪካዊው ጋሪ ጋይጋክስ ነው። ቤቱ ውስጥ ጫማ ይጠግን የነበረ ሰው በጥቂት ዓመታት ሚሊዮኖች የሚያንቀሳቅስ ድርጅት ሠራ። ከዚያ ድርጅቱን አጣ። ያጣው ደግሞ ስለከሰረ ብቻ አይደለም። ነገሩ የተጀመረው ጌሙ መሸጥ ሲጀምር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጋይጋክስ የተወለደው በ1938 ቺካጎ ውስጥ ነው። አባቱ ከስዊዘርላንድ የመጣ ስደተኛና ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ልጁ ስምንት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ዊስኮንሲን ውስጥ ወዳለችው ሌክ ጄኔቫ የምትባል ትንሽ ከተማ ገባ። ጋይጋክስ ሃይስኩልን አልጨረሰም፤ አቋርጦ ወጣ። ቼዝና የጦርነት ጌም ይወዳል፣ የቅዠት ዓለም ልብወለድ ያነባል። አግብቶ ልጆች ወለደ፣ ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። ማታና ቅዳሜ እሑድ ግን ሐሳቡ ሁሉ ጌም ላይ ነው።

በ1968 የከተማውን አንድ አዳራሽ በ50 ዶላር ተከራይቶ የጌም ወዳጆችን ሰበሰበ። ጄን ኮን የሚባለው ይሄ ስብሰባ ዛሬ በአሜሪካ ከትልልቆቹ የጠረጴዛ ጌም ዝግጅቶች አንዱ ነው። በ1970 ግን ከኢንሹራንስ ሥራው ወጣ። አምስት ልጆች አሉት። ጫማ እየጠገነ፣ ጎን ለጎን የጌም ደንብ እየጻፈ መኖር ጀመረ። ከጓደኛው ጋር የሠራው ቼይንሜይል የተባለ የመካከለኛው ዘመን ጦርነት ጌም በ1971 ታተመ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ሰው ይገባል፦ ዴቭ አርነሰን። አርነሰን በጎረቤት ክፍለ ግዛት፣ ሚኒሶታ ውስጥ ይኖራል። እሱ ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። በጦርነት ጌም አንድ ተጫዋች ሙሉ ጦር ያዛል፤ በአርነሰን ጌም ግን እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። አንደኛው ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ ጀግኖቹን ሆነው ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ይወስናል። ጀግናው ካልሞተ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ይተርፋል፣ እየጠነከረም ይሄዳል። አርነሰን ይሄን በ1972 መጨረሻ አካባቢ ለጋይጋክስ አሳየው። ጋይጋክስ ወዲያው ተያዘ። ተቀምጦ ደንቡን ጻፈው፣ ልጆቹንና የሰፈሩን ልጆች እያጫወተ ሞከረው።

አሳታሚ ግን አልተገኘም። ስለዚህ በ1973 ከልጅነት ጓደኛው ከዶን ኬይ ጋር አንድ አንድ ሺህ ዶላር አዋጥተው ቲኤስአር የሚባል ድርጅት መሠረቱ። ይህ ብር ለማሳተም አልበቃም። ብራያን ብሉም የሚባል የጌም ወዳጅ 2,000 ዶላር ይዞ መጣና ሦስተኛ ሸሪክ ሆነ። በ1974 መጀመሪያ 1,000 ኮፒ ታተመ። ሦስት ትንንሽ መጽሐፍ በአንድ ሳጥን፣ ዋጋው 10 ዶላር። ሳጥኑን የሚያዘጋጁት ራሳቸው፣ ቤታቸው ውስጥ ነው።

ዓመት ሳይሞላው አለቀ። ደስ ይላል አይደል? ችግሩም እዚህ ጋ ጀመረ።

አስቡት። ዕቃችሁ ከተወደደ ሁለተኛ ዙር፣ ሦስተኛ ዙር ማሳተም አለባችሁ። ማተሚያ ቤቱ ብሩን የሚፈልገው አሁን ነው፤ ከሽያጭ የሚመጣው ብር ግን ወራት ይቆያል። ጌሙ በፈጠነ ቁጥር የሚፈልገው ብር ይጨምራል። ጋይጋክስ ደግሞ ኪሱ ባዶ ነው፤ ያለው ጌሙ ብቻ ነው።

በጥር 1975 ዶን ኬይ በልብ ድካም ድንገት ሞተ። ገና 36 ዓመቱ ነበር። የእሱን ድርሻ ለመግዛት ጋይጋክስ ብር አልነበረውም። የገዙት ብሉምና አባቱ ናቸው። ድርጅቱ እንደገና ሲቋቋም ጋይጋክስ የቀረው 35 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስሙ መጽሐፉ ላይ አለ፣ ፊቱን ሁሉም ያውቃል፣ አብላጫው ድርሻ ግን የሌላ ነው። ያኔ ይሄ ማንንም አላሳሰበም፤ ሁሉም ጓደኛ ነው፣ ሁሉም ጌም ይወዳል።

ከዚያ በኋላ ሽያጩ በየዓመቱ ጨመረ። ስም ሲመጣ ጠበቃም ይመጣል። የቶልኪን ሥራዎች መብት ባለቤቶች ሆቢት የሚለው ቃል ከጌሙ እንዲወጣ አስገደዱ፤ ሃፍሊንግ ተባለ። በ1979 አንድ የሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲጠፋ ጌሙ ነው ያጠፋው የሚል ወሬ በጋዜጣ ተነዛ። ልጁ በሕይወት ተገኘ፣ ምክንያቱም ጌሙ አልነበረም። ወሬው ግን ለጌሙ በነፃ ማስታወቂያ ሆነለት። በ1982 የድርጅቱ ሽያጭ ከ20 ሚሊዮን ዶላር አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኞቹ ከ300 በላይ ሆኑ።

አርነሰንስ? እውነቱን እንናገር፤ ይሄ ክፍል ለጋይጋክስ ጥሩ አይደለም። አርነሰን በ1976 ድርጅቱ ውስጥ ተቀጥሮ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ከ1977 ጀምሮ ጋይጋክስ አድቫንስድ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል የተስፋፋ ጌም አወጣ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የጋይጋክስ ብቻ ነው። ቲኤስአር ይሄ ሌላ ጌም ስለሆነ ለአርነሰን የደራሲ ድርሻ አይከፈልም አለ። አርነሰን በ1979 ከሰሰ፤ በ1981 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ። በ10 ዶላር ሳጥን ዘመን ሁለት ስም አብሮ ለመጻፍ ማንም አልተጣላም። ሚሊዮን ሲመጣ ግን ማን ምን ፈጠረ የሚለው ጥያቄ የጠበቃ ጉዳይ ሆነ።

ድርጅቱ ውስጥ ደግሞ የብራያን ወንድም ኬቪን ብሉምም ገብቶ ሥራውን በዋናነት የሚመሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ሆነዋል። ብሩ ብዙ ቦታ ፈሰሰ። የጌም ድርጅት የጥልፍ ዕቃ ንግድ ገዛ ብንላችሁ ታምናላችሁ? ገዝቷል። በ1983 ሽያጩ እንደታሰበው አላደገምና ሠራተኛ መቀነስ ተጀመረ። ጋይጋክስ በዚህ ጊዜ ሆሊውድ ነው። ጌሙን ወደ ካርቱን ፊልም ለመቀየር ተልኮ፣ ቤቨርሊ ሂልስ ውስጥ በትልቅ ቪላ ይኖራል። ካርቱኑ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ተላለፈ። ግን ቪላውም ወጪ ነበር፤ ሁሉንም ጥፋት ብሉሞቹ ላይ መጫን ትክክል አይሆንም።

በ1984 ሲመለስ ድርጅቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ውስጥ ነበር። ጋይጋክስ ተንቀሳቀሰ። ኬቪን ከኃላፊነት እንዲነሳ አደረገ። በ1985 የነበረውን አክሲዮን የመግዛት መብት ተጠቅሞ ከአሥር ዓመት በኋላ አብላጫውን ድርሻ ያዘ። አዲስ መጽሐፍ አወጣ፣ ተሸጠ። ሒሳቡን እንድታስተካክል ደግሞ ሎሬይን ዊሊያምስ የምትባል ሥራ አስኪያጅ ቀጠረ።

አሁን ልብ በሉ። አክሲዮን የመግዛት መብት የነበረው ጋይጋክስ ብቻ አልነበረም፤ ብራያን ብሉምም ነበረው። ብሉም በመብቱ ተጠቀመና እሱም ወንድሙም ያላቸውን ሁሉ ለዊሊያምስ ሸጡ። በጥቅምት 1985 የቦርድ ስብሰባ ላይ ጋይጋክስ ሲቀመጥ የድርጅቱ ባለቤት እሱ ራሱ የቀጠራት ሴት ነበረች። ከፕሬዚዳንትነት ተነሳ። ሽያጩ ይሻርልኝ ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ተሸነፈ። በ1986 ቀሪ ድርሻውን ሸጦ ጨርሶ ወጣ።

ጌም መሥራቱን አልተወም። ግን ከባድ ነበር። በ1992 ዴንጀረስ ጆርኒስ የሚባል አዲስ ጌም ሲያወጣ ከሰሰው። ማን? ራሱ የመሠረተው ቲኤስአር! በ1994 ክሱ ቲኤስአር የአዲሱን ጌም መብት በመግዛት ተቋጨ፤ ጌሙም እዚያው ቀረ።

ቲኤስአርም ቢሆን አልቆየም። ዕዳ አንቆት በ1997 ለዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ተሸጠ። እሱን ደግሞ በ1999 ሃስብሮ ገዛው። ዛሬ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሃስብሮ ንብረት ነው።

ብዙ ሰው ይሄን ታሪክ ሲሰማ ወይ ጋይጋክስ ተበደለ ይላል፣ ወይ የዘራውን አጨደ ይላል። እኛ ሁለቱም ውስጥ እውነት አለ እንላለን። ነገር ግን ያ የ1985 ስብሰባ የተወሰነው በ1975 ነው። ያኔ ጌሙ ከባለቤቱ ኪስ በላይ ፈጠነ፤ ብር ያለው ሰው ድርሻውን ገዛ። ተሰጥኦና ዝና ያን ቀን ድምፅ አልነበራቸውም፤ የቆጠረው ወረቀቱ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ጌምም ሆነ አፕ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ስለ ድርሻ መነጋገር የሚቀለው ገና ምንም ሳይሸጥ ነው። አንዱ ቢሞትስ? አንዱ መሸጥ ቢፈልግስ? ማን ምን ፈጠረ? ገበያው ከደራ በኋላ እነዚህን ጥያቄዎች በፍቅር መመለስ ይከብዳል።

ጋይጋክስ የመጨረሻ ዓመታቱን ሌክ ጄኔቫ ውስጥ፣ ቤቱ በረንዳ ላይ ከሚመጡ እንግዶች ጋር እየተጫወተ አሳለፈ። በ2004 ስትሮክ መታው፣ በመጋቢት 2008 በ69 ዓመቱ አረፈ። አርነሰንም በዓመቱ ተከተለው። ከቀብሩ በኋላ ወዳጆቹ ተሰብስበው ጌም ተጫወቱ። ያ ስብሰባ ጋሪ ኮን ተብሎ በየዓመቱ ይካሄዳል። ድርጅቱ ተሸጠ፣ እንደገና ተሸጠ፤ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጠው ሰው ግን አልቀነሰም።

እናንተ በ1975 ጋይጋክስን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልን። አብሮ ሥራ ለጀመረ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።