ተለክቶ ያልታከመ የደም ግፊት፦ የፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሕይወት ታሪክ

ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 1882 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። ሕግ ተምረው ወደ ፖለቲካው ከገቡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1921 በ39 ዓመታቸው ባደረባቸው ሕመም ሁለቱም እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ፤ ሐኪሞችም ሕመሙ ፖሊዮ መሆኑን አስታወቁ። ይህ ግን ከሕዝብ አገልግሎት አላራቃቸውም። የኒውዮርክ አገረ ገዥ፣ ከዚያም ከ1933 ጀምሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። አራት ጊዜ የተመረጡ ብቸኛው የአገሪቱ ፕሬዚዳንትም እርሳቸው ናቸው።

በእግሮቻቸው ላይ የደረሰው ጉዳት ለሁሉም የሚታይ ሲሆን፣ ሌላው ሕመማቸው ግን በዝምታ እየጠና ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1937 የደም ግፊታቸው 162/98፣ በ1941 ደግሞ 188/105 ሆኖ ተመዝግቧል። ዛሬ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ልኬት በተደጋጋሚ ከታየ ከፍተኛ የደም ግፊት ይባላል። በዚያ ዘመን ግን ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩ ተፈጥሯዊ ነው ብለው የሚያምኑ ሐኪሞች ብዙ ነበሩ፤ አስተማማኝ መድኃኒትም አልነበረም። ስለዚህ ቁጥሩ ተመዘገበ እንጂ ሕክምና አላስከተለም።

እ.ኤ.አ. በማርች 1944 ፕሬዚዳንቱ ድካም፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር በረታባቸው። የልብ ሐኪሙ ሃዋርድ ብሩን ሲመረምሯቸው ግፊታቸው 186/108 ደርሶ፣ ልባቸውም ሰፍቶና ደክሞ ተገኘ። የልብ መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ ዕረፍት እንዲያደርጉ፣ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱም ተመከሩ። የልብ ድካሙ ምልክቶች ቢሻሻሉም የደም ግፊቱ ሊገታ አልቻለም።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1945 ሩዝቬልት ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ፣ በስዊዝ ቦይ መሥመር በሚገኘው ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ የኢትዮጵያን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ተቀብለው አነጋገሩ። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1945፣ በጆርጂያ ግዛት ዎርም ስፕሪንግስ ሳሉ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ያዛቸውና ራሳቸውን ሳቱ። የደም ግፊታቸው ከ300/190 በላይ ደርሶ ነበር። በዚያው ዕለት በአንጎል ውስጥ በተከሰተ የደም መፍሰስ በ63 ዓመታቸው አረፉ።

እ.ኤ.አ. በ1948፣ በፍራሚንግሃም ከተማ 5,209 ነዋሪዎችን በመመዝገብ ለረጅም ዓመታት የሚከታተል የልብ ጥናት ተጀመረ። ከፍተኛ የደም ግፊት፣ ሲጋራ ማጨስና በደም ውስጥ የኮሌስትሮል መብዛት ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጡ በስፋት የታወቀው በዚህ ጥናት ነው። በኋላም ግፊትን የሚቆጣጠሩ መድኃኒቶች ተገኙ።

በዘመናቸው ከፍተኛ ሥልጣን የነበራቸውና ሐኪም ከአጠገባቸው የማይለያቸው ሰው ያላገኙትን ሕክምና፣ ዛሬ ማንኛውም ዜጋ በአቅራቢያው ከሚገኝ የጤና ተቋም ሊጀምር ይችላል። የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ ምልክት ስለማያሳይ፣ ሕመም እስኪሰማ መጠበቅ አይገባም። በመሆኑም ክቡራን ተገልጋዮች፦

• ጤነኛ እንደሆኑ ቢሰማዎትም ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ውጤቱንም ጽፈው ይያዙ።
• ልኬቱ ከፍ ያለ ከሆነ በተሰጠዎት ቀጠሮ ተመልሰው ይታዩ።
• የታዘዘልዎትን መድኃኒት ተሽሎኛል በሚል ምክንያት ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጡ።
• ጨው ይቀንሱ፤ ከሲጋራ ይራቁ፤ የሰውነት እንቅስቃሴ ያዘውትሩ።
• ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር ወይም የደረት ሕመም ሲያጋጥም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ልኬት ጥቅም የሚሰጠው ክትትል ሲታከልበት ነው።