ላስሎ ሞሆይ ናጅ፤ ያለ ካሜራ ፎቶግራፍ የሠራው ሰው

በሕንፃም ሆነ በመንገድ ሥራ ላይ የቆየ ባለሙያ ሁሉ ሰማያዊውን የፕላን ቅጂ ያስታውሳል። በስስ ወረቀት ላይ በቀለም የተነደፈው ፕላን የብርሃን ኬሚካል በተቀባ ወረቀት ላይ ተደርቦ ለብርሃን ይጋለጣል፤ መሥመሩ ብርሃኑን በጋረደበት ቦታ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ የቀረው ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። አምቦ ወይም ጉደር ላይ ድልድይ ለሚያሠራ መሐንዲስ ይህ ቅጂ የሥራ መሣሪያ እንጂ የሥነ ጥበብ ሥራ ሆኖ አይታየውም። በዚሁ መሠረተ ሐሳብ ያለ ካሜራ፣ በብርሃንና በጥላ ብቻ ሥዕል መሥራትን ትልቅ ጉዳይ አድርገው ከያዙት ጥቂት ሰዎች አንዱ፣ ሕግ ሊማር ከገጠር የወጣ የሀንጋሪ ተወላጅ ነበር።

ላስሎ ሞሆይ ናጅ እ.ኤ.አ. በ1895 በደቡብ ሀንጋሪ ባችቦርሾድ በምትባል መንደር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሲወለድ የወጣለት ስም ላስሎ ቫይስ ነበር። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ በመሄዱ ያሳደገው የሕግ ባለሙያ የነበረው የእናቱ ወንድም ነው። ናጅ የሚለውን ስም ከዚሁ አጎቱ፣ ሞሆይ የሚለውን ደግሞ ካደገባት ከሞሆል ከተማ ወሰደ። ከአምቦ ዙሪያ የጤፍ ማሳ ተነሥቶ አዲስ አበባ እንደሚገባ ተማሪ፣ እርሱም በ1913 ቡዳፔስት ገብቶ ሕግ መማር ጀመረ።

ትምህርቱን ያቋረጠው ጦርነቱ ነው። በ1915 በመድፈኛ ጦር መኮንንነት ዘመተ፤ በግንባር ሳለ በወታደር ፖስታ ካርዶች ላይ የሳላቸው ሥዕሎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። በ1917 ቆሰለ። በማግሥቱ ዓመት ሕጉን ጨርሶ ተወና ወደ ሥዕል ዞረ። የእኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጀመረውን የሳይንስ ትምህርት ትቶ ለሥዕል ወደ ጀርመን መሄዱን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። በ1919 በሀንጋሪ የተነሣው አብዮታዊ መንግሥት ሲወድቅ ሞሆይ ናጅ አገሩን ለቆ ወደ ቪየና፣ ከዚያም በ1920 ወደ በርሊን ተሻገረ።

በርሊን ላይ የፕራግ ተወላጅ የሆነችውን ሉሲያ ሹልትስን አገኘ፤ በ1921 ተጋቡ። ሉሲያ የተማረች፣ በመጻሕፍት ዝግጅት ሥራ የምትተዳደር ሴት ነበረች። ባልና ሚስቱ በ1922 ያለ ካሜራ የሚሠራውን ፎቶግራፍ አብረው መሞከር ጀመሩ። አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ማጣሪያ፣ መስታወት፣ የሽቦ ጥቅል ወይም የሰው እጅ በብርሃን ወረቀት ላይ ይቀመጣል፤ ብርሃን ይበራል፤ ወረቀቱ ይታጠባል። ብርሃን ያላሳለፈው ዕቃ ነጭ፣ ብርሃን ያገኘው ባዶ ቦታ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ችሎታ የሚጠይቀው በሁለቱ መካከል ያለው ግራጫ ነው። መስታወቱ ወፍራም እንደሆነ፣ ዕቃው ከወረቀቱ ከፍ እንዳለ፣ መብራቱ በሥራው መካከል እንደተንቀሳቀሰ፣ ግራጫው ደረጃ በደረጃ ይለወጣል። ኔጋቲቭ ስለሌለው እያንዳንዱ ወረቀት አንድና ብቸኛ ነው። ዘዴውን እንግሊዛዊው ታልቦት በ1830ዎቹ ያውቀው ነበር፤ በዚያው በ1920ዎቹም ማን ሬይ የተባለው አሜሪካዊ ፓሪስ ላይ ይሠራበት ነበር። የሞሆይ ናጅ ልዩነት ብርሃንን እንደ ብረትና እንደ እንጨት ሊሠራበት የሚችል ማቴሪያል አድርጎ ማየቱ ነው።

በ1923 አርክቴክቱ ቫልተር ግሮፒየስ ቫይማር ከተማ በነበረው የባውሃውስ ትምህርት ቤት በመምህርነት ቀጠረው። እዚያ የብረታ ብረት ወርክሾፑን ሲመራ ተማሪዎቹ ለፋብሪካ ምርት የሚሆኑ መብራቶችን እንዲነድፉ ገፋፋቸው። በዚሁ ዓመት ከአንድ የእናሜል ሰሌዳ ፋብሪካ ሦስት ሥዕሎችን አዘዘ። በየቤቱ የሚታወቀው ነጩ የብረት ሰሐን በሚሠራበት ዘዴ፣ ፋብሪካው አንዱን ንድፍ በሦስት መጠን ሠራለት፤ ትልቁ ወደ 95 ሴንቲሜትር፣ ሁለተኛው የእርሱ ግማሽ፣ ሦስተኛው የዚያ ግማሽ ነው። የሠዓሊው ብሩሽ አልነካቸውም። በ1924 በርሊን ላይ ለተመልካች ቀረቡ፤ ትእዛዙ በስልክ ተላለፈ የሚለው ወሬም ከሥዕሎቹ ጋር አብሮ ዞረ። ከአርባ ዓመት በኋላ ሐሳቡ ራሱ ሥራው ነው ያሉት ሠዓሊዎች ሲነሡ፣ ብዙዎች ምንጩን ከዚህ ቆጥረውታል።

ሐሳቡ ለመሐንዲስ ጆሮ የተለመደ ነው። ንድፉን ያወጣ ሰው ድንጋይ አይሸከምም፤ ሕንፃው ግን በስሙ ይጠራል። በ1930 ፓሪስ ላይ የቀረበው የብርሃን መሣሪያም በዚሁ መልክ ተሠራ። ቀዳዳ ያላቸው የብረት ሳህኖች፣ መስታወቶችና ዘንጎች በኤሌክትሪክ ሞተር እየዞሩ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ይጥላሉ። የአገሩ ልጅ አርክቴክት ኢሽትቫን ሼቦክ ንድፉን አወጣ፤ ኦቶ ባል የተባለ መካኒክ ገጣጠመው፤ የኤሌክትሪክ ኩባንያው አ.ኤ.ጌ. ረዳ። መሣሪያው ዛሬ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ሲገኝ የሚታወቀው በሞሆይ ናጅ ስም ነው።

ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1934 ወደ አምስተርዳም፣ በ1935 ወደ ለንደን፣ በ1937 ወደ ቺካጎ ተሰደደ። ቺካጎ ላይ የከፈተው አዲሱ ባውሃውስ በአንድ ዓመት ውስጥ በገንዘብ እጦት ተዘጋ፤ በ1939 ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚህ ሁሉ አብራው የነበረችው ሁለተኛ ሚስቱ ሲቢል ናት። በ1945 የደም ካንሰር ተገኘበት፤ እያስተማረ ቆይቶ ኅዳር 1946 በ51 ዓመቱ አረፈ። ቡዳፔስት የሚገኘው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ዩኒቨርሲቲ ከ2006 ጀምሮ በእርሱ ስም ይጠራል።

የሉሲያ ዕጣ ግን ሌላ ነው። በባውሃውስ ዘመን ጨለማ ክፍል ገብታ ፎቶግራፍ የምታጥበው፣ ጀርመንኛው የማይሰምርለትን ባሏን ጽሑፍ የምታቃናው፣ የትምህርት ቤቱን ሕንፃዎችና ዕቃዎች በመስታወት ኔጋቲቭ የምታነሣው እርስዋ ነበረች። በ1929 ተለያዩ። በ1933 ከጀርመን በድንገት ስትሸሽ ከ500 የሚበልጡ ኔጋቲቮችዋ በቀድሞ ባሏ እጅ ቀሩ፤ እርሱም ሲሰደድ ለግሮፒየስ አስረከባቸው። በ1938 የኒውዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ስለ ባውሃውስ ባዘጋጀው ትርኢት ፎቶግራፎችዋ ስምዋ ሳይጠቀስ ታዩ። እርስዋ በዚያን ጊዜ ለንደን ነበረች፤ በኋላም በጦርነቱ ጠፍተዋል ብላ አምና ኖረች። ከብዙ ደብዳቤና ከጠበቃ ክርክር በኋላ በ1957 ከፊሎቹ ተመለሱላት። እጅ አያስፈልግም፣ ሐሳብ ይበቃል የሚለው ትምህርት በእርሱ ሥዕሎች ላይ ሲነገር ውብ ነው፤ በሉሲያ ኔጋቲቮች ላይ ሲተረጎም ግን የሠራ ሰው ስም መጥፋት ሆኗል። ሞሆይ ናጅ ይህን አስቦ አደረገ ለማለት ማስረጃ የለም፤ ሊያስተካክለው ይችል ነበር ማለት ግን አያዳግትም።

ሉሲያ በ1972 ስለ ቀድሞ ባሏ አነስ ያለ መጽሐፍ አሳተመች። በውስጡ ወቀሳ ሳታበዛ ያልተጣሩ ነገሮችን አጣራች፤ ያለ ካሜራ ፎቶግራፉን ሁለቱም በጋራ እንደጀመሩት አስረዳች። ስለ እናሜሎቹም፣ ባሏ ትእዛዙን በስልክ እንዳልሰጠ፣ ፋብሪካው ድረስ በእግሩ ሄዶ እንዳዘዘ፣ በስልክም ቢሆን ይቻል እንደነበረ ያሰበው ሥራው ካለቀ በኋላ መሆኑን ገለጸች።