የአበበ ቢቂላ እግሮችና የእረፍት ዋጋ

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ያስመዘገበውን ድል ያልሰማ ጥቂት ነው። የሕይወት ታሪኩ ግን ከድሉ ባሻገር ሌላም ትምህርት ይዟል፤ ሯጭ መሮጥን እንደሚለማመድ ሁሉ ማረፍንም ማወቅ ይኖርበታል።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ተቀጠረ፤ በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ልምምዱን በሥርዓት መራለት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ኦሊምፒክ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፣ በልምምድ እንደለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መርጦ ነበር።

በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን ግን ሌላ ዕጣ ገጠመው። ገና ከጅምሩ በፈጣን ሩጫ ሲመራ ቆይቶ፣ ወደ መጨረሻው በኮረብታዎቹ ላይ ጉልበቱ ከዳው፤ አምስተኛም ሆኖ ገባ። ከዚያ በኋላ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በማራቶን አልተወዳደረም።

የቶኪዮ ኦሊምፒክ 40 ቀን ገደማ ሲቀረው በልምምድ ላይ ሳለ ሆዱን ታመመ። ሕመሙ ትርፍ አንጀት ሆኖ ስለተገኘ በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ለብርቱ ልምምድ በሚፈለጉት ሳምንታት አልጋ ላይ መዋሉ ተስፋውን ያጨለመው መሰለ። ይሁንና ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ በአዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈ፤ ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም ሆነ።

ቀዶ ሕክምና ለማንም ሯጭ አይመከርም። ቶኪዮ የሚያሳየው በዓመታት የተገነባ አቅም በጥቂት ቀናት እረፍት እንደማይጠፋ ነው። ሩጫ ጡንቻንና አጥንትን ያደክማል፤ የደከመው ተጠግኖ የሚበረታው በእንቅልፍና በእረፍት ጊዜ ነው። አርሶ አደሩ በሬውን ከቀንበር የሚፈታው ነገ ደግሞ እንዲያርስለት ነው፤ የሯጭም አካል ሕጉ ከዚህ አይለይም።

በ1959 ዓ.ም. በስፔኗ ዛራውዝ ከተማ በተደረገው ማራቶን አበበ እግሩን ተጎድቶ አቋረጠ። ጉዳቱም ተከትሎት ቆየ። ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ የግራ እግሩ አጥንት መሰንጠቁ ታወቀ፤ እስከ ውድድሩም እንዲያርፍ ተመከረ። ነገር ግን የተሰነጠቀ አጥንት በጥቂት ቀናት አይገጥምም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ውድድሩን ቢጀምርም 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ለማቆም ተገደደ። ድሉን የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነበር። የቶኪዮን ሆድ ያዳነው ሐኪሙና ጊዜ ናቸው፤ የሜክሲኮን እግር ግን ጊዜ አልደረሰለትም።

በመጋቢት 1961 ዓ.ም. የደረሰበት የመኪና አደጋ ከሩጫ ጋር የተያያዘ አልነበረም። እግሮቹን ከጥቅም ውጭ ቢያደርጋቸውም በእንግሊዝ አገር ታክሞ በቀስት ውርወራ መወዳደሩን ቀጠለ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬም በየገጠሩ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ ወጣቶች የአበበን ስም ስንቅ አድርገው ይነሳሉ። ብዙዎቹ የሚመክራቸው ሐኪምም ሆነ አሠልጣኝ በአጠገባቸው የለም። ስለዚህ የራሳቸውን ምልክት ማወቅ ይጠቅማቸዋል። በአንድ ቦታ ላይ የማይለቅ የአጥንት ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ማለዳ ከወትሮው የፈጠነ የልብ ምት፣ ልምምድ እየበዛ ፍጥነት መቀነስ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውነት እረፍት ሲጠይቅ የሚያሳያቸው ናቸው። ምልክቱን አይቶ ለጥቂት ቀናት የሚያርፍ ወጣት ከሩጫው አይጎድልም፤ አልፎት የሚሮጥ ግን ወራትን ሊያጣ ይችላል።