የእንግዳ ቁቢ ልጅ ራስ አሉላ አባ ነጋ

ራስ አሉላ የተወለዱት በትግራይ፥ በተምቤን፥ መነወ በምትባል መንደር ነው። አባታቸው እንግዳ ቁቢ መሬቱን አርሶ ግብሩን ከፍሎ የሚኖር ባላገር ነበረ። በዚያ ዘመን ሹመት በትውልድ ይወርድ ስለ ነበረ፥ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ ቢበዛ የመኳንንት አሽከር ይሆናል እንጂ አገር ይገዛል ብሎ የሚገምት አልነበረም።

ስለ ልጅነታቸው በአገራቸው የሚነገር ነገር አለ። አሉላ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ አለቃ ሆኖ ሲጫወት፥ እንጀራ ተሸክመው ወደ ሰርግ የሚሄዱ ሰዎችን ከመንገድ ላይ አቁሞ ወዴት እንደሚያልፉ ጠየቃቸው። እነርሱም በድፍረቱ ስቀው፥ ወደ ራስ አሉላ አዳራሽ እንደሚሄዱ በፌዝ መለሱለት። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው ራስ እያለ ይጠራው ጀመር። ሰሙ ፌዝ ነበረ፤ ወርቁ እስኪወጣ ግን ብዙ ዘመን ፈጀ።

ካደጉም በኋላ በመጀመሪያ ያደሩት ኋላ ራስ ከተባሉት ከአርአያ ድምፁ ቤት ነው። ከዚያም ወደ ደጃዝማች ካሣ አልፈው እልፍኝ አስከልካይ ሆኑ። ይህ ሥራ ለሚያስተውል ሰው ታላቅ ትምህርት ቤት ነው፤ የጌታውን ጠባይ፥ የባለጉዳዩን ብልሃት፥ የመኳንንቱን ምቀኝነት ከደጃፉ ቆሞ ያያልና። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ብዙ ሠራዊት ይዘው መጥተው በዓድዋ አጠገብ በአሰም ድል ሆኑ፤ ተማረኩም። የማረኳቸው አሉላ ናቸው እየተባለ ይነገራል። በጥር 1864 ዓ.ም. ካሣ በአክሱም ዮሐንስ ተብለው ሲነግሡ፥ የገበሬው ልጅ ከታመኑት ሰዎች አንዱ ሆኖ ነበረ።

በ1868 ዓ.ም. የግብጽ ሠራዊት በጉንደትና በጉራ ድል ሲሆን አሉላ በሁለቱም ዘመቻ ነበሩ። በ1869 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የራስነት ማዕርግ ሰጥተው የመረብ ምላሽ ገዥ አደረጓቸው። የፌዙ ስም እውነተኛ ስም የሆነው ያን ጊዜ ነው። ሹመቱ ግን የባለርስቶቹን ንቀት አላጠፋውም። አሉላ ንቀቱን በክርክር አልመለሱም፤ በፈረስ ተነሥተው ከደጋ እስከ ቆላ ድንበሩን ጠበቁ፥ የሐዘጋውን ራስ ወልደ ሚካኤልን አሰሩ፥ በ1870ዎቹም ዓመታት ትንሽ መንደር የነበረችውን አስመራን መቀመጫቸው አደረጉ። ሆኖም የሐማሴን ባላገር የወታደሩን ቀለብና የግብሩን ክብደት አልረሳም፤ ይህንም መሸሸግ ለታሪክ ጸሓፊ አይገባውም።

በ1876 ዓ.ም. በዓድዋ በተደረገው ውል መሠረት በደርቡሾች የተከበቡትን የግብጽ ወታደሮች ለማውጣት አሉላ ታዘዙ። በመስከረም 1878 ዓ.ም. በኩፊት የዑስማን ዲግናን ሠራዊት ድል አደረጉ፤ ነገር ግን ከተመረጡት የጦር አለቆቻቸው ብላታ ገብሩ እዚያው ወደቁ። ይህን ሁሉ ሲደክሙ ኢጣልያ በ1877 ዓ.ም. ምጽዋን ይዛ ወደ ሰሐጢ ወጥታ ነበረች።

አሉላ እንዲለቁ ጠየቁ፤ አልለቀቁም። በጥር 1879 ዓ.ም. ሰሐጢን ወጉ፤ ምሽጉ ግን ጽኑ ስለ ነበረ ብዙ ሰው አልቆባቸው ተመለሱ። የአለቃ ልብ የሚፈተን በእንዲህ ያለች ሌሊት ነው። በሰው ውዳሴ የቆመ መሪ ቢሆን፥ ጥፋቱን በወታደሩ ላይ ጥሎ ወደ አስመራ በወጣ ነበረ። አሉላ ግን ከቆላው አልራቁም። በማግሥቱ ለሰሐጢ ስንቅና ረዳት ይዞ የሚወጣ አምስት መቶ ያህል የኢጣልያ ጦር በዶጋሊ ላይ አገኙት፤ ከበቡትም፤ ከዚያ ጦር ያመለጡት ጥቂቶች ናቸው። ትላንት የተመለሰው ወታደር ዛሬ የተከተላቸው ትላንት ከፊቱ ስላያቸው ነው።

ይህ ሥራ ዋጋ አስከፈለ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦርነቱን አላዘዙም ነበረ፤ ኢጣልያም ለበቀል ታላቅ ሠራዊት ወደ ምጽዋ አመጣች። የእንግሊዝ መልእክተኛ ለማስታረቅ በመጣ ጊዜ ግን ዐፄ ዮሐንስ አሉላን አሳልፈው አልሰጡም። አሉላ ሳይጠይቁ መዝመታቸው ጥበብ ነበረ ወይስ ችኰላ? ሁለቱም የተቀላቀለበት ይመስላል፤ ዝም ብለው ቢቀመጡ ግን ሰሐጢ ያለ ደም በኢጣልያ እጅ በጸናች ነበረ።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በዚያው ዓመት አስመራ ተያዘች፤ አሉላም ግዛታቸውንና አብዛኛውን ሠራዊታቸውን አጡ። ከራስ መንገሻ ጋራ በትግራይ ቈይተው፥ በ1886 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። ለእንደርሳቸው ላለ ሰው ይህ ከዶጋሊ ይልቅ የከበደ ሥራ ሳይሆን አልቀረም። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከሸዋው፥ ከጎጃሙና ከወሎው ጦር ጋራ አብረው ተዋጉ።

ከዓድዋ በኋላ ዓመት ሳይሞላ በተምቤን ከራስ ሐጎስ ጋራ ተጣልተው ተዋጉ። ሐጎስ በጦርነቱ ሞቱ፤ አሉላም እግራቸውን ቆስለው በየካቲት 1889 ዓ.ም. ዐረፉ። የባዕድ ጥይት የሳታቸውን ሰው የወንድም ጥይት አገኛቸው። ሥጋቸውም በዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ተቀበረ።