ዝምታው የገባት እናት፦ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ)

 

የኡሙ ሰለማ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ሑደይቢያ ላይ የሰጠችውን ምክር ነው። ዛሬም እንመጣበታለን። ግን አንድ ሰው የሌላውን ስሜት እንዲህ ተረድቶ፣ መቼ መናገር መቼ ዝም ማለት እንዳለበት መለየትን ከየት ያገኘዋል? ሕይወቷን ከመጀመሪያው ስናየው የሆነ ነገር ይታየናል።

ስሟ ሂንድ ነው። የመካ ባለጸጋና ኃያል ከሆነው በኑ መኽዙም ጎሳ ተወለደች። አባቷ አብሮት የሚጓዝ ሰው ስንቅ እንዲይዝ የማይፈቅድ ለጋስ ስለነበር የመንገደኛ ስንቅ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። ባለቤቷ አቡ ሰለማ ደግሞ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአክስት ልጅና የጥቢ ወንድም ነው። ሁለቱም ቀድመው ሰለሙ። የቁረይሽ በደል ሲጠና እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ወደ አገራችን ሐበሻ ተሰደዱ።

ጃዕፈር (ረ.ዐ) ነጃሺ ፊት ቆሞ ያደረገውን ንግግር የምናውቀው በአብዛኛው እሷ ስለተረከችልን ነው። በዚያ ትረካዋ ውስጥ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ቦታ አለ። ነጃሺን የሚቀናቀን ሰው ተነስቶ ጦር ሲገጥመው ስደተኞቹ የተሰማቸውን ጭንቀት ትነግረናለች፤ መብታቸውን የማያውቅ ሌላ ሰው በቦታው ቢመጣስ የሚል ጭንቀት። ወጣቱ ዙበይር በተነፋ አቁማዳ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረ፣ የጦርነቱን ውጤት አይቶ ልብሱን እያውለበለበ የምሥራች ይዞ ተመለሰ። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ክስተቱን ከነስሜቱ ነው ያስታወሰችው።

ወደ መካ ተመልሰው ቀጥሎ ወደ መዲና ሊሰደዱ ሲነሱ የደረሰባት ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። አቡ ሰለማ ግመሉን ጭኖ፣ እሷንና ልጃቸውን ሰለማን አስቀምጦ ገና ከመውጣቱ የእሷ ዘመዶች መጥተው ልጓሙን ነጠቁት። ልጃችንን ይዘህ አገር ለአገር አትዞርም ብለው አስቀሯት። ይህን ያዩ የባሏ ወገኖች ደግሞ በእልህ ሕፃኑን ሊወስዱ መጡ። ሁለቱ ወገኖች ልጁን ወዲያና ወዲህ ሲጓተቱ ክንዱ ወለቀ። በመጨረሻ የአባቱ ወገኖች ወሰዱት። ባል ወደ መዲና፣ ልጅ ወደ አንዱ ቤት፣ እናት ወደ ሌላው ቤት።

አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየጠዋቱ እየወጣች አብጠሕ የሚባለው ቦታ ላይ ትቀመጥና እስኪመሽ ታለቅስ ነበር። ያ ቦታ ሰው የሌለበት በረሃ አይደለም፤ ስንቱ እያያት አልፏል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከአጎቶቿ ልጆች አንዱ አይቷት ቆመ። ፊቷን አየ፣ አዘነላት፣ ሄዶም ወገኖቹን ይህችን ምስኪን ከባሏም ከልጇም ለይታችሁ ለምን አትለቋትም ሲል ተናገራቸው። ይኸው ነው። አንድ ሰው ቆሞ በማየቱ ያ ሁሉ ቋጠሮ ተፈታ፤ ዘመዶቿ ለቀቋት፣ የባሏ ወገኖችም ልጇን መለሱላት።

ልጇን ታቅፋ ብቻዋን በግመል ወጣች። ተንዒም ስትደርስ ዑስማን ኢብኑ ጦልሓ አገኛት። ያኔ ገና አልሰለመም። ከአላህና ከዚህ ልጅ በቀር አብሯት ማንም እንደሌለ ስትነግረው ጥሏት መሄድ አልሆነለትም፤ ልጓሙን ይዞ መንገድ ጀመረ። ማረፊያ ሲደርሱ ግመሉን ያንበረክክና እስክትወርድ ይርቃል። ከወረደች በኋላ መጥቶ ግመሉን ዛፍ ላይ ያስርና ራሱ ሌላ ዛፍ ሥር ሄዶ ጋደም ይላል። መነሻ ሲደርስ ግመሉን አዘጋጅቶ እንደገና ራቅ ይልላታል። ቁባእ ሲደርሱ ባሏ ያለበትን መንደር አሳይቷት፣ ወደ ውስጥም ሳይገባ፣ ወደ መካ ተመለሰ። ከእሱ የበለጠ የተከበረ የመንገድ ጓደኛ አይታ እንደማታውቅ ኋላ መስክራለታለች። አስተውሉ፤ አንዲት ብቻዋን ያለች ሴት ምን ሊያሳፍራት፣ ምን ሊያስፈራት እንደሚችል ሳትነግረው ነው የተረዳው።

አቡ ሰለማ ኡሑድ ላይ የደረሰበት ቁስል አገርሽቶ በ4ኛው ዓመተ ሒጅራ ሞተ። መከራ የደረሰበት ሰው አላህ የተሻለ እንዲተካለት የሚጠይቅበትን ዱዓ ታውቀው ነበርና አደረገችው፤ በልቧ ግን ከአቡ ሰለማ የሚሻል ማን ሊኖር ይችላል የሚል ጥያቄ ነበራት። ይህንንም አልደበቀችም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለጋብቻ ሲጠይቋትም ሦስት ነገር በግልጽ ተናገረች፦ ቀናተኛ መሆኗን፣ በዕድሜ መግፋቷንና ልጆች ያሏት መሆኗን። ስንቶቻችን ነን ከጋብቻ በፊት ጠባያችንን እንዲህ አውቀን የምንናገር? እሳቸውም አንዱንም አላቃለሉባትም። ቅናቱን አላህ እንዲያስወግድላት ዱዓ እንደሚያደርጉ፣ በዕድሜ እሳቸውም እንደሚበልጧት፣ ልጆቿም በአላህና በመልእክተኛው ኃላፊነት ሥር መሆናቸውን ነገሯት። ልጆቿ እቤታቸው አደጉ። ልጇ ዑመር ማዕድ ላይ እጁ ወዲያ ወዲህ ሲል ቢስሚላህ ብሎ፣ በቀኝ እጁ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲበላ በእርጋታ አስተማሩት፤ ከዚያ በኋላም አበላሉ እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

አሁን ሑደይቢያ እንድረስ። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ በዙልቀዕዳ ወር፣ 1,400 የሚያህሉ ሶሐቦች ኢሕራም አድርገው፣ የሚታረዱ እንስሳት ይዘው ለዑምራ ወጡ። ብዙዎቹ ለዓመታት ከዕባን አላዩም። ቁረይሾች አስቆሟቸው፤ ከሱሀይል ኢብኑ ዐምር ጋር በተደረገው ድርድርም ዘንድሮ እንዲመለሱ፣ ጦርነት ለ10 ዓመት እንዲቆም፣ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ ከመካ ወደ ሙስሊሞች የሚመጣ እንዲመለስ ስምምነት ሆነ። ገና እየተጻፈ ሳለ የራሱ የሱሀይል ልጅ አቡ ጀንደል በሰንሰለት እንደታሰረ እየተጎተተ ደረሰ። በመስለሙ የታሰረ ነበር። ዓይናቸው እያየ ለአባቱ ተመለሰ። ዑመር (ረ.ዐ) እንኳ አላስችል ብሎት አንዴ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ)፣ አንዴ ወደ አቡ በክር (ረ.ዐ) እየሄደ ይጠይቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተነስተው እንዲያርዱና ፀጉራቸውን እንዲላጩ አዘዙ። ማንም አልተነሳም። ደገሙት። ሠለሱት። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። እነዚህ ሰዎች በዚያው ሰሞን ከዛፏ ሥር ላለመሸሽ ቃል ኪዳን የገቡ ናቸው!

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡሙ ሰለማ ጋ ገብተው ያጋጠማቸውን ነገሯት። እሷ ሰዎቹን አልከሰሰችም። መጀመሪያ ይህ እንዲፈጸም ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ከዚያ ወጥተው ለማንም አንዲት ቃል ሳይናገሩ የራሳቸውን እንዲያርዱና ላጪያቸውን ጠርተው እንዲላጩ መከረች። ሊቃውንት ሲያብራሩት፣ ሶሐቦቹ ውሳኔው ይለወጥ ይሆናል የሚል ተስፋ ስለነበራቸው ነው የዘገዩት ይላሉ። አራተኛ ትእዛዝ ያንን ተስፋ አይቆርጠውም ነበር፤ የእሳቸው ራስ ተላጭቶ ማየት ግን ይቆርጠዋል። አብጠሕ ላይ ዓመት ሙሉ ያለቀሰች ሴት፣ ሐዘን የያዘው ሰው ጆሮው እንደማይሰማ ታውቃለች ብዬ አስባለሁ።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳለችው አደረጉ። (ምክር ሰጪዋን ስናደንቅ፣ በዚያ ሰዓት የባለቤታቸውን ምክር አድምጠው ወዲያው የፈጸሙትንም አንርሳ።) ሰዎቹ ይህን ሲያዩ ተነስተው አረዱ፣ እርስ በርስም ተላላጩ። ሐዘኑ ግን አልጠፋም፤ ከብስጭታቸው ብዛት ሲላጩ ሊገዳደሉ ደርሰው ነበር ይላል ዘገባው።

የሰው ስሜት የሚገባት ስለሆነች ሁሉን በዝምታ ታልፍ ነበር ማለት አይደለም። ዑመር (ረ.ዐ) ዝምድናቸውን ተመርኩዞ ስለ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤቶች ሊገሥጻት ሲመጣ፣ በሁሉ ነገር ገብቶ አሁን ደግሞ በባልና በሚስት መካከል ሊገባ መምጣቱ እንደሚገርማት በግልጽ ነገረችው። እሱም ንግግሯ ንዴቱን እንደሰበረው ራሱ ተናግሯል። ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያወራቸው እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ፈገግ አሉ።

በ8ኛው ዓመት ወደ መካ ሲዘምቱ አቡ ሱፍያን ኢብኑል ሓሪስና የእሷው የአባቷ ልጅ ዐብደላህ መንገድ ላይ መጥተው ለመግባት ፈቃድ ጠየቁ። ሁለቱም ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ክፉኛ የጎዱ የቅርብ ዘመዶች ነበሩና ተከለከሉ። ኡሙ ሰለማ አንደኛው የአጎታቸው ልጅ፣ ሌላው የአክስታቸው ልጅና አማች መሆኑን እያስታወሰች ለመነችላቸው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የደረሰባቸውን ዘርዝረው እንደማይፈልጓቸው ተናገሩ። አቡ ሱፍያን ካልተፈቀደለት ትንሽ ልጁን ይዞ በረሃ ገብቶ በረሃብና በጥም እንደሚሞት ሲናገር ግን ልባቸው ራራ፤ ገብተው ሰለሙ። ብዙም ሳይቆይ ሑነይን ላይ ሰው ሲበተን ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቅሎ አጠገብ ጸንተው ከቆሙት አንዱ ይኸው አቡ ሱፍያን ነበር። ዐብደላህም ጧኢፍ ላይ ሸሂድ ሆነ።

እሷ ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን ኖራለች። ከ300 በላይ ሐዲሶች አስተላልፋለች። ታላቁ ሐሰን አል-በስሪ የአገልጋይዋ ልጅ ነበር፤ እናቱ ተልካ ስትወጣና ሕፃኑ ሲያለቅስ ኡሙ ሰለማ አንስታ ጡቷን እየሰጠች ታባብለው እንደነበር ይነገራል። ከምእመናን እናቶች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሞተችው እሷ ናት፤ የተቀበረችውም መዲና፣ በቂዕ ውስጥ ነው።