ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና የፌዴሬሽኑ ውል

ከሳር ቤት ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ የሚያደርሰው መንገድ የንፋስ ስልክ ላፍቶን ሰሜናዊ ጠርዝ ለቅቆ ብዙም ሳይርቅ በአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል። ቁመቱ ወደ መቶ ሜትር የሚጠጋውና በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንፃ የቆመበት መሬት ቀድሞ የከርቸሌ ወህኒ ቤት፣ በተለይም ዓለም በቃኝ ይባል የነበረው ክፍል፣ ይዞት የቆየ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲፈረም የአስተናጋጁ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት ተኩል በኋላ የተገደሉት በዚሁ ግቢ ነበር። ሲገደሉም የሕግ ሰው ሆነው ሳለ አንድም ፍርድ ቤት አልዳኛቸውም።

አክሊሉ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ሀብተነህ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። ልጁ ግን በእስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ፣ ከዚያም በፓሪስ ሕግ ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን ስትይዝ በፓሪስ የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ ያገለግሉ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳኑን ጥሎ በወራሪው ላይ ያደረገውን ማዕቀብ በዚያው ዓመት ሲያነሣ ከቅርብ ሆነው አይተዋል። ወረቀት ብቻውን አገር እንደማያድን የተማሩት ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ያም ሆኖ ከነጻነት በኋላ የደከሙት አገራቸው የያዘችው ወረቀት የጸና እንዲሆን ነው።

በ1937 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በተዘጋጀበት በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤ፣ በተከታዩም ዓመት በፓሪስ የሰላም ጉባኤ ላይ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ቀረቡ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ኢጣሊያ በቅኝ ግዛቶቿ ላይ የነበራትን መብት ሁሉ ለቀቀች፤ አራቱ ኃያላን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተስማሙ ግን ጉዳዩ ወደ ጠቅላላው ጉባኤ እንዲተላለፍ ተወሰነ። አልተስማሙም። ኤርትራን ከፍሎ ምዕራቡን ለሱዳን፣ ቀሪውን ለኢትዮጵያ ለመስጠት በእንግሊዝና በኢጣሊያ ሚኒስትሮች የተወጠነው ዕቅድም በ1941 ዓ.ም. ሳይጸድቅ ቀረ። ከዚያ አምስት አገሮች ያሉበት መርማሪ ኮሚሽን ወደ ኤርትራ ተላከ፤ እርሱም ሲመለስ በሦስት ተከፍሎ ነበር። በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽንን፣ ኖርዌይ ሙሉ ውሕደትን፣ ጓቲማላና ፓኪስታን ደግሞ ከሞግዚት አስተዳደር በኋላ ነጻነትን ደገፉ።

አክሊሉ በ1941 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው የተጋፈጡት ይህን የተበታተነ አሳብ ነው። መንግሥታቸው የፈለገው ውሕደት ነበር፤ የተገኘው ግን መካከለኛው መንገድ ሆነ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላው ጉባኤ በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተዓቅቦ ውሳኔ ቁጥር 390 ሀን አጸደቀ። በዚህም መሠረት ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ራስዋን በራስዋ የምታስተዳድር የፌዴሬሽን አካል ሆነች። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ሲሰጡ፣ የውስጥ ጉዳይዋ በገዛ ምክር ቤቷ፣ በገዛ አስተዳደሯና በገዛ ፍርድ ቤቶቿ እንዲመራ ተደነገገ። ውሉ ከ1945 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ባለሙያ ዲፕሎማት በአንድ ዕድሜ ሊያገኘው ከሚችለው ድል አንዱ ይህ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን ሕንፃው ጉድለት ነበረበት። በግንባታ ቋንቋ ቢነገር፣ የላዩ ጭነት ተሰልቶ ሳለ የሥሩ አፈር አልተመረመረም። የፌዴሬሽኑ አንደኛው ክንፍ የተመረጠ ምክር ቤትና የራሱ ሕገ መንግሥት ያለው አስተዳደር ሲሆን፣ ሌላው ክንፍ ፍጹማዊ ዘውድ ነበር። ከሁለቱ የተለየ የፌዴራል መንግሥት አልተቋቋመም፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ የፌዴራል መንግሥት ሆኖ ተቆጠረ። ከሁለቱ ወገን እኩል አባላት እንዲኖሩት የተደነገገው የፌዴራል ምክር ቤትም የማማከር እንጂ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውም። ሕገ መንግሥቱን ያዘጋጁት የድርጅቱ ኮሚሽነር ቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንዞ፣ ውሉ ቢጣስ ጠቅላላው ጉባኤ ጉዳዩን ሊመለከተው እንደሚችል አስገንዝበው ነበር። በተግባር ግን ተቆጣጣሪ አልተሾመም።

በ1951 ዓ.ም. የኤርትራ ባንዲራ ወረደ። በ1952 ዓ.ም. የኤርትራ መንግሥት የሚለው ስም የኤርትራ አስተዳደር ተብሎ ተለወጠ። አክሊሉ በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ ሐሚድ እድሪስ ዓዋተ በምዕራብ ኤርትራ የትጥቅ ትግሉን ጀመረ። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ጠቅላላው ጉባኤም ዝም አለ። በምክር አዳራሽ ውስጥ ማን ምን እንደ መከረ መከራከር ይቻላል። ኃላፊነቱ ግን በካቢኔው ራስ ላይ የተቀመጠውን ሰው አያልፍም፤ ከእርሳቸው ይልቅ የውሳኔ 390ን ዋጋ የሚያውቅ ሰው በመንግሥቱ ውስጥ አልነበረምና።

ነገሩን ከባድ የሚያደርገው በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ሔግ ላይ ቆማ የምትከራከረው ክርክር ነው። ከጥቅምት 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከስሳ፣ በዓለም አቀፍ አደራ የተያዘውን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ ያለ ተባበሩት መንግሥታት ፈቃድ ሁኔታውን መለወጥ እንደማይገባ ታስረዳ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሐምሌ 1958 ዓ.ም. ድምፁ እኩል ለእኩል ተከፍሎ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ናሚቢያ ግን በመጨረሻ ነጻ ወጣች። ሁለቱ ጉዳዮች በሕግ ፊት አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የኤርትራን ሉዓላዊነት ውሳኔው ራሱ ለኢትዮጵያ ዘውድ ሰጥቶ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ መንግሥት ከመንግሥታቱ ጉባኤ የመጣን ውሳኔ በሔግ ሲጠብቅ፣ በአሥመራ ሊያፈርስ መቻሉ አልታየም ማለት አይቻልም።

ሌላም አለ። በ1964 ዓ.ም. የሱዳን ሰሜንና ደቡብ ጦርነት በአዲስ አበባ ስምምነት ሲገታ፣ የተገኘው መፍትሔ የደቡቡ የውስጥ ራስ ገዝነት ነበር። ለጎረቤት ተስማሚ ሆኖ የተገኘው መድኃኒት በኤርትራ ከፈረሰ ያን ጊዜ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነበር። ኑሜይሪ የደቡቡን ራስ ገዝነት በ1975 ዓ.ም. ሲሽር፣ ጦርነቱ ሱዳን ውስጥም ዳግመኛ ነደደ።

አክሊሉ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ብዙም ሳይቆይ ታሰሩ። በእስር ላይ ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽኑ የጻፉት ማስታወሻ ከዓመታት በኋላ ታትሟል፤ በውስጡም ስለ ኤርትራ ያደረጉትን የዲፕሎማሲ ትግል በሰፊው ተርከዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከብዙ ባለሥልጣናት ጋር በደርግ ትእዛዝ ተገደሉ። ለኤርትራ ጉዳይ ሰላማዊ መፍትሔ ይሹ የነበሩት ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምም የሞቱት በዚያው ሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ ዐሥራ ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ቀጠለ።

የሟቾቹ ዐፅም በ1984 ዓ.ም. ከወህኒ ቤቱ ግቢ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አረፈ። በተከታዩ ዓመት፣ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም.፣ የኤርትራ ሕዝብ በ1943 ዓ.ም. ሳይጠየቅ የቀረውን ጥያቄ በተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ፊት ተጠይቆ ድምፁን ሰጠ።