ምኒልክ በትርፍ ጊዜያቸው

በዚህ ዓምድ የታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ስናቀርብ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ጦርነትና ስለ ሥልጣን ነው። የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክን ታሪክ ስናነሣ ደግሞ ዓድዋን ያልተማረ ሰልጣኝ በመካከላችን የለም፤ ፈተና ላይም ይመጣል። ዛሬ ግን ወደ ሌላው ጎናቸው ማዘንበል ፈልገናል። እኒህ ሰው ዘመቻና ችሎት ባልያዛቸው ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር? ምን ያስደስታቸው ነበር? ጥያቄው የተራ ሰው ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ይሁንና እዚሁ ጀሞ መንገድ ዳር ቆም ብለን በመሠራት ላይ ያለውን ፎቅ ዙሪያውን አቅፎ የያዘውን የባሕር ዛፍ አጣና ብንመለከት፣ ያ የትርፍ ጊዜ ፍላጎት ዛሬም ከእኛው ጋር እንዳለ እንረዳለን።

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ ልጁ ገና አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙና ልጁን ወስደው መቅደላ አስቀመጧቸው። እዚያም አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በሰኔ ወር 1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ልጅ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚማርበትን ዕድሜ ምኒልክ ያሳለፉት በግዞት ነው ማለት ነው። ይህም ሆኖ ጊዜው ባዶውን አላለፈም። ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳደጓቸው፤ ልጃቸውንም ዳሩላቸው። ዘመኑ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት የውጭ አገር ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ለማሠራት የሚደክሙበት ዘመን ነበር። ምኒልክ ለብረትና ለመሣሪያ፣ በጠቅላላው ለእጅ ሥራ የነበራቸው ፍቅር የተጠነሰሰው በዚያ ቤት ይመስለናል። በእኛ አገር ባለ እጅ ሲናቅ፣ ቀጥቃጭና ሸማኔ ሲሰደብ በኖረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ ወጣት የስዊስ መሐንዲስ ከሁለት ባለ ሙያዎች ጋር ሸዋ ገባ። ምኒልክ በመጀመሪያ የፈተኑት ጫማ እንዲሠራ በማዘዝ ነው እየተባለ ይነገራል። መሐንዲስ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ጫማ ስፋ ሲባል ምን እንደተሰማው መገመት ነው! ሠርቶ ቢያመጣ ቀጥሎ ጠመንጃ ታዘዘ። ኢልግ ከዚያ ወዲያ ከሃያ ዓመት በላይ አብሯቸው ኖረ፤ ከእንጦጦ ተራራ ውሃ በቧንቧ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ወደ ግቢው እንዲወጣ ያደረገው እሱ ነው። ውሃ ሽቅብ ሲወጣ ያየ ሕዝብ ጉድ አለ። ንጉሡ ግን መገረም ብቻ አልበቃቸውም፤ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይፈልጉ ነበር። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ሰዓትም ይሁን ጠመንጃ ራሳቸው ይዘው ያገላብጡታል፣ ይፈቱታል፣ እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃሉ። ጎብኚዎች በጻፉት ሁሉ ይህ ጠባያቸው ሳይነሣ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። ምኒልክ የኤሌክትሪክ መግደያ ወንበር ከአሜሪካ አስመጥተው መብራት ስለሌለ ዙፋን አደረጉት የሚለው ወሬ በውጭ አገር መጻሕፍት ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። ማስረጃ የሌለው ተረት ነው። የወደፊት መምህር ክፍል ገብቶ እንዳያስተምረው አደራ።

ደግሞም ሁሉንም አሳምረን ብቻ እንዳንናገር፣ ያ የመሣሪያ ፍቅር ሁልጊዜ ጨዋታ አልነበረም። በየዓመቱ በገፍ የገባው ጠመንጃ በዓድዋ ወራሪን እንደመለሰ ሁሉ፣ በደቡብና በምዕራብ የነበሩ ሕዝቦች የተገዙበትና ብዙ ደም የፈሰሰበትም ነው። እኛ የምንኖርባት አዲስ አበባም ብትሆን ባዶ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች አይደለችም፤ ፊንፊኔ የኦሮሞ ጎሣዎች ከብታቸውን የሚያሰማሩባት፣ ውሃ የሚያጠጡባት አገር ነበረች። የአንድን ሰው ሕይወት ስንጽፍ ይህንንም ይዘን ነው።

ወደ ደስታቸው እንመለስና፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን የፎቶግራፍ ነገር ነው። በ1875 ዓ.ም. ሐረር ላይ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ራሱንና ከተማውን ያነሣ ነበር። ይኸው ሰው በኋላ እንጦጦ ድረስ ጠመንጃ ይዞ መጥቶ ለምኒልክ ሸጧል፤ በዋጋው ተከራክረውም ብዙ ሳይጠቀም ሄዷል። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ካሜራን ይፈራ ነበር። የሰውን መልክ ከነነፍሱ በሳጥን ውስጥ የሚያስቀር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ካህናቱ ለንጉሡ እንዳመለከቱም መንገደኞች ጽፈዋል። ምኒልክ ግን ይህ ሁሉ የተሠራበትን ነገር የፈጠረው እግዚአብሔር ነው በሚል አሳብ አሰናበቷቸው። ጠቡን ወደ ሃይማኖት ክርክር ሳይወስዱ በራሱ በሃይማኖቱ ቋንቋ መለሱት ማለት ነው። አስተማሪ እንዲህ ያለ ተማሪ ወይም ወላጅ ሲገጥመው የሚያስታውሰው ዘዴ ነው እንላለን።

ከዚያ በኋላማ ፎቶግራፍ በቤተ መንግሥቱ የተለመደ ሆነ። ኢልግ ራሱ ካሜራ ነበረውና ያነሣቸው ብዙ ሥዕሎች ዛሬ በስዊስ አገር በዙሪክ ተቀምጠዋል፤ የዚያን ዘመን አዲስ አበባ፣ ድንኳኑን፣ ገበያውን፣ አጥሩን የምናየው በእነሱ ነው። ቀጥሎ ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ሙያው ወደ ልጆቹ ተላልፎ የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ እስከ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ነገሥታቱን ሲያነሣ ኖሯል። የምኒልክን ፎቶግራፎች ልብ ብለን ብናይ ዘውድ ደፍተው፣ ካባ ደርበው ከሚታዩባቸው ይልቅ ራሳቸውን በሻሽ አስረው፣ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው የሚታዩባቸው ይበልጥ ሰውየውን ያሳዩናል። መልካቸው ወደ ገንዘብና ወደ ቴምብርም ገብቷል፤ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተሠርቶ የመጣው ብርና የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቴምብር የሳቸውን ፊት ይዘው ነበር። ንጉሡን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ገበሬ እጁ ላይ አያቸው።

ስለ ሥዕል ብዙ አንልም። አገሩ የራሱ ሠዓሊዎች ነበሩት፤ እነሱም ቅዱስ ጊዮርጊስን በነጭ ፈረስ ከጦሩ በላይ አድርገው ዓድዋን በሸራ ላይ ደጋግመው ሥለዋል። ምኒልክ ደግሞ የዘጌውን ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን በ1879 ዓ.ም. ሥዕል እንዲማር ወደ ጣሊያን ላኩት። ተምሮ ተመልሶም በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሣለ። ይሁንና ይህ ሰው በኋላ ይበልጥ የታወቀው በብሩሹ ሳይሆን በብዕሩ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው ልብ ወለድ ታሪክ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ነው። ሥዕል ተማር ተብሎ ሄዶ ደራሲ ሆነ፤ የትምህርት ነገር እንዲህ ነው!

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። ክፉ ቀን እየተባለ የሚጠራው ረኃብ በ1881 ዓ.ም. ሲገባ መጀመሪያ የሞተው ከብቱ ነው። በሽታው ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ፤ በሬ አለቀ። በሬ ሲያልቅ ማረስ ቀረ፣ ማረስ ሲቀር ሰው መሞት ጀመረ። ዝናቡ አስቸገረ፤ አንበጣውና ተምቹም ተጨመረበት። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ አገሩ በዚህ መከራ ውስጥ ነበር። ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር በታሪክ ጸሐፊያቸው በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ መጽሐፍ ተመዝግቧል። በሬ ከሌለ በእጅ ይቆፈራል ብለው ራሳቸው ዶማ ይዘው እርሻ ወረዱ። ንጉሥ ሲቆፍር መኳንንቱ ቆመው ሊያዩ አይችሉም፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ተከተሉ። ሠራዊቱም ተከተለ።

ልብ እንበል፤ በዚያ ዘመን በእጁ የሚቆፍር ሰው ማለት ምንም የሌለው ማለት ነበር። በሬ የሌለው እንኳ መቆፈርን አፍሮ ይራብ ነበር ይባላል። ዶማው የቆፈረው አፈሩን ብቻ አልነበረም ማለት ነው። በርግጥ አንድ ሰው ቆፍሮ አገር አያጠግብም፤ ብዙ ሕዝብ አልቋል። ግን ያን ዕለት ዶማ ለመያዝ ካፈሩት ሰዎች መካከል ስንቱ አይቶ ደፍሮ ይሆን? መዝገብ የለውም።

ከረኃቡ በኋላ የመጣው ችግር ማገዶ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማው በፍጥነት ሰፋ። ቤቱ በእንጨት ይሠራል፣ እንጀራው በእንጨት ይጋገራል፣ ብርዱ በእንጨት ይገፋል። በአካባቢው የነበረው ጽድና ወይራ እየተመነጠረ አለቀ፤ ማገዶው ከሩቅ በአህያና በሰው ጀርባ መምጣት ጀመረ። ከዚህ በፊት ልማዱ እንጨት ያለቀበትን ከተማ ትቶ ወደ ሌላ መሄድ ነበር። ምኒልክም ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ተነሥተው ቤተ መንግሥት አስጀምረው ነበር። ብዙም ሳይርቅ በሆለታ ደግሞ ገነት ብለው የሰየሙት የማረፊያ ቦታ ነበራቸው። ገነት ማለት እንግዲህ የአትክልት ቦታ ማለት ነው፤ ስሙ ሐሳባቸውን ይናገራል።

ከተማዋን ከመፍረስ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ገባ፤ ብዙዎች ያስገባው የምኒልክ አማካሪ የነበረው ፈረንሳዊ ሞንዶን ቪዳዬ ነው ይላሉ። ስሙን ያወጣው ሕዝቡ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለመጣ ባሕር ዛፍ አለው። ንጉሡ ችግኙን አስተከሉ፤ ሰው ሁሉ እንዲተክል አበረታቱ፤ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤት ሥራ ይደርሳል፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በየጓሮው ተተከለ፤ ያየው ሁሉ አዲስ አበባን ጫካ ውስጥ የተሠራች ከተማ አላት። አዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፤ ዋና ከተማውም እዚሁ ጸና።

ባሕር ዛፍን የሚወቅሱት ብዙ ናቸው። ውሃ ይመጣል፣ ከሥሩ ሣር አያበቅልም፣ በተዳፋት ላይ አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በእንጦጦም አሁን በአገር በቀል ዛፍ እየተተካ ነው። ነገር ግን ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁል ሲወርዱ የኖሩትን እናቶች ስናስብ፣ ያ ዛፍ ባይኖር ምጣዱ በምን ይሰማ ነበር? ወቀሳው ከዚህ ጋር አብሮ ቢመዘን ጥሩ ነው።

የጉዞ ነገር ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ምኒልክ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጉዞ ላይ ነበሩ፤ ከልቼ አንኮበር፣ ከአንኮበር ወረኢሉ፣ ከዚያ እንጦጦ፣ በመካከሉም ዘመቻ። ነገር ግን ከአገር ውጭ እግራቸው አልረገጠም። ዓለምን የጎበኙት በሰው ዓይን ነው። ራስ መኰንንን በ1881 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን፣ በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ለንጉሥ ኤድዋርድ ዘውድ በዓል ወደ እንግሊዝ ላኩ። የመጣውን እንግዳም ስለ አገሩ ጥያቄ ሳያበዙበት አይለቁትም ነበር። ከግቢያቸውም ከፍታ ላይ ሆነው በመነጽር ከተማውን ማየት ይወዱ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ከጠረፍ ድረስ መንገድ በሌለበት እየገፋና እየነዳ ሲያመጣ፣ እርጅና የተጫናቸው ንጉሥ ወጥተው ተቀመጡበት።

በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የተጠራው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ሲሆኑ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ዐረብኛ ከአማርኛና ከግዕዝ ጋር ይሰጥ ነበር። ራሳቸው በግዞት ላደጉት ሰው ይህ ምን እንደነበር መገመት አያዳግትም። ግን ብዙ አላዩትም። በሽታው በዚያው ሰሞን ጠናባቸውና እጅና አንደበታቸው እየተያዘ ሄደ። ሁሉን በእጁ ካልነካ የማያምን ሰው የመጨረሻ ዓመታቱን ሳይንቀሳቀስ አሳለፈ። ሥራው በእቴጌይቱና በመኳንንቱ እጅ ገባ፤ የዚያ ሽኩቻ ታሪክ ረጅም ነው፣ ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። አገር እንዳይረበሽ ተብሎ ሞታቸው ተደበቀ፤ አስከሬናቸውም በግቢው ውስጥ ባለችው ቤተ ክርስቲያን በምስጢር ተቀመጠ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ቤት ኪዳነ ምሕረት ትባላለች። ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ወዳሠሯት ወደ በአታ ለማርያም ተዛወረ። በ1910 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ያረፉት እቴጌ ጣይቱም አጽማቸው በኋላ ወደዚያው መጥቶ ዛሬ ከባላቸው ጎን ነው።